ለ85 ሊትር አኳሪየም የቱን መብራት ልግዛ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሴንቲሜትር የሆነ አኳሪየም አለኝ። ጉፒና ኒዮን ቴትራ ዓሣዎች አሉበት፤ ከበስተኋላ ቫሊስኔሪያ ተክያለሁ፣ እንጨት ላይ ደግሞ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን አስሬያለሁ። አብሮት የመጣው መብራት ተቃጠለ። ሱቅ ሄጄ ሦስት አማራጭ አሳዩኝ፦ ነጭና ሰማያዊ የተቀላቀለበት 12 ዋት፣ ቀለሙ የሚቀያየር 36 ዋት፣ እና ተራ የቤት ኤልኢዲ ቱቦ። የቱ ይሻለኛል? በፊትም ቢሆን መስታወቱ በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ይለብስ ነበር፤ የቫሊስኔሪያው የቆዩ ቅጠሎችም ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ። ብርሃን አንሶት ይሆን? መብራቱን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ስወጣ አበራው ነበር፤ ልጄ ስለሚወደው ማታ እስክንተኛ አይጠፋም። አኳሪየሙ ያለው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ነው።

መልስ፦ ከሦስቱ እኔ የምመርጥልዎት የቤት ኤልኢዲ ቱቦውን ነው። አንድ ሳይሆን ሁለት ይግዙ፤ እያንዳንዱ 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ይሁን፤ ሁለቱም ውኃ በማያስገባ መያዣ ውስጥ ይገጠሙ። ባለ 36 ዋቱም መጥፎ አይደለም፤ ብርሃኑን መቀነሻ ካለው ብቻ። ባለ 12 ዋቱን ይተዉት። መስታወቱን አረንጓዴ ያደረገው ግን የብርሃን ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው፤ የቅጠሉ ቢጫነት ደግሞ ከብርሃን ጋር የተያያዘ አይመስለኝም። አንድ በአንድ ላስረዳ።

ዓሣዎችዎ ብርሃን የሚያስፈልጋቸው ቀኑን ከሌሊቱ ለመለየትና ምግባቸውን ለማየት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሳሎን መብራት እንኳ ይበቃቸዋል። ብርሃን የሚመገቡት ዕፅዋቱ ናቸው። ስለዚህ መብራት ሲገዙ ማሰብ ያለብዎት ምን ዓይነት ተክል እንዳለዎት ነው። የእርስዎ ምርጫ ደግሞ ጥሩ ነው። አኑቢያስ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ ጃቫ ፈርን በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በዛፍ ጥላ ሥር በሚፈሱ ጅረቶች ዳር የሚበቅሉ ስለሆኑ ትንሽ ብርሃን ይበቃቸዋል። እንዲያውም ብርሃን ሲበዛባቸው ዝግ ብለው የሚያድጉት ቅጠሎቻቸውን አልጌ፣ ማለትም መስታወትዎን ያለበሰው አረንጓዴ ነገር፣ ይወራቸዋል። ቫሊስኔሪያ ትንሽ ጨምር ይላል፤ ሆኖም እሱም ቢሆን ከአስቸጋሪዎቹ ተክሎች ወገን አይደለም።

በሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋቱን ነው። ዋት መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግርም። ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዋት የሚለው ደንብ በፍሎረሰንት ዘመን የወጣ ነው፤ ኤልኢዲ በአንድ ዋት የበለጠ ብርሃን ስለሚሰጥ፣ በዚያ ደንብ የሚገዛ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይዞ ይመለሳል። ካርቶኑ ላይ መፈለግ ያለብዎት ሉመን የሚለውን፣ መብራቱ የሚሰጠውን ጠቅላላ ብርሃን የሚለካውን ቁጥር ነው። እንደ እርስዎ ላለ አኳሪየም፣ ማለትም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በጠርሙስ ለማይጨመርበት፣ ለአንድ ሊትር ከ15 እስከ 25 ሉመን ጥሩ መነሻ ነው። የመስታወቱ ልክ 112 ሊትር ቢመጣም፣ የጠጠሩ ውፍረትና ከላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ ውኃው ወደ 85 ሊትር ነው። ስለዚህ የሚፈልጉት ከ1,300 እስከ 2,100 ሉመን ገደማ ይሆናል።

ባለ 60 ሴንቲሜትሩ የኤልኢዲ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 9 ወይም 10 ዋት ሲሆን ወደ 900 ወይም 1,000 ሉመን ይሰጣል። ሁለቱ ሲደመሩ በዚህ ክልል ውስጥ ይገባሉ። ባለ 18 ዋቱን ቱቦ ቢሰጡዎት አይቀበሉ፤ እሱ 120 ሴንቲሜትር ስለሚሆን ከአኳሪየሙ ውጪ ይንጠለጠላል። 60 ሴንቲሜትሩን መሐል ላይ ሲያስቀምጡት በግራና በቀኝ አሥር አሥር ሴንቲሜትር ይተርፋል፤ እነዚያ ሁለት ጫፎች ደብዘዝ ይላሉ። አኑቢያሱንና ፈርኑን ወደ ጫፎቹ፣ ቫሊስኔሪያውን ወደ መሐል ያድርጉት፤ ያኔ ጉድለት የመሰለው ነገር ጥቅም ይሆናል።

ቱቦው ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ 865 የሚል ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ካገኙ ብዙ ነገር ይነግርዎታል። የመጀመሪያው 8 መብራቱ ቀለማትን ምን ያህል በእውነተኛ መልካቸው እንደሚያሳይ የሚገልጽ ሲሆን፣ በመቶ ሚዛን ከ80 በላይ ነው ማለት ነው። 65 ደግሞ 6,500 ኬልቪን፣ ማለትም የቀን ብርሃን የመሰለ ነጭ። 830 የሚለው ለመኝታ ቤት የሚሆን ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ነው፤ ተክል አይገድልም፣ ውኃውን ግን ሻይ የፈሰሰበት ያስመስለዋል። የመጀመሪያው አኃዝ 9 የሆነ ካገኙ ትንሽ ጨምረው ይግዙት። የኒዮን ቴትራው ቀይ ከፋፍሎ የማያሳይ ርካሽ ብርሃን ላይ ቡናማ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያንን ቀይ በሙሉ ድምቀቱ ያየ ሰው ዋጋውን አይቆጭበትም።

ባለ 12 ዋቱን ለምን ተዉት እንዳልኩ ላስረዳ። ዕፅዋት ሰማያዊ ብርሃንን በደንብ ይጠቀማሉ፤ ችግሩ ቀለሙ አይደለም። ጠቅላላ ብርሃኑ ለቫሊስኔሪያው ያንሳል፣ ሰማያዊው ጎላ ሲል ደግሞ አረንጓዴው ቅጠልም ዓሣውም ግራጫ ይመስላል። ሰማያዊ የሚበዛባቸው መብራቶች ተገቢ ቦታቸው የባሕር ኮራል ያለበት አኳሪየም ነው። የባሕር ውኃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ስለሚውጠው ከሥር የሚደርሰው በአብዛኛው ሰማያዊው ነው፤ ኮራል ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎችም ያንን ለምደዋል። ሠላሳ ምናምን ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ግን ይህ ልዩነት ከግምት የሚገባ አይደለም።

ባለ 36 ዋቱን ከወደዱት እዚያው ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ይሞክሩ። ያብሩት፣ ብርሃኑን ወደ ግማሽ ዝቅ ያድርጉት፣ ከዚያ ከሶኬቱ ነቅለው መልሰው ይሰኩት። በግማሽ ብርሃን ተመልሶ ከበራ ሊገዙት ይችላሉ። በሙሉ ኃይሉ ከበራ ግን ይተዉት፤ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ሙሉ ብርሃን ይለቃል፣ እርስዎ ቤት የማይኖሩበት ቀን ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንዲያ ይውላል።

አሁን ወደ አረንጓዴው መስታወት እንምጣ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ዋናው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ሲቆጠር መብራቱ ወደ 15 ሰዓት ይበራ ነበር። ከዚያ ላይ የመስኮቱ ፀሐይ አለ። የእኩለ ቀን ቀጥተኛ ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ይደርሳል፤ ለእርስዎ ተክሎች ጠጠሩ ላይ ከ2,000 እስከ 3,500 ሉክስ ይበቃቸዋል። ከሰዓት በኋላ በመስታወት አልፎ የሚገባው ከዚያ ቢያንስም፣ ከማንኛውም የአኳሪየም መብራት ይበልጣል። በክረምት ደመናው ይሸፍንልዎታል፤ መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን አልጌው የሚበረታበት ምክንያት ይኸው ነው። አኳሪየሙን ማንሳት ከተቻለ ከመስኮቱ ያርቁት፤ ካልተቻለ ወፈር ያለ መጋረጃ ይጋርዱ፣ ወይም በመስኮቱ በኩል ያለውን የአኳሪየሙን ጎን በጥቁር ወረቀት ይሸፍኑት። ይህ ሳይስተካከል የቱንም መብራት ቢገዙ ለውጥ አያዩም።

ብርሃን ለተክል እንደ ጋዝ መርገጫ ነው፤ በተረገጠ ቁጥር ነዳጁም በዚያው ልክ ይፈለጋል። የተክሉ ነዳጅ በውኃው ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዕድናቱ ናቸው። እነሱ ካነሱ ተክሉ ትርፉን ብርሃን ሊጠቀምበት አይችልም፤ በጥቂቱ የሚኖረው አልጌ ግን ይጠቀምበታል። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ላለን ሰዎች ልዩ የሆነ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከአየር ወደ ውኃ የሚገባው ኦክስጅንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው መጠን፣ ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። የውጭ ሰዎች በየቪዲዮው ደማቅ መብራት ሲመክሩ በአብዛኛው የሚናገሩት በዝቅተኛ ቦታ ሆነው፣ ብዙ ጊዜም ጋዝ በጠርሙስ እየጨመሩ ነው። እዚህ ያንን ያለ ጋዝ መኮረጅ አልጌ ማርባት ነው። ለእርስዎ ከሚመከረው የብርሃን ክልል አይለፉ የምለው ለዚህ ነው።

የኦክስጅኑም ነገር ከመብራት ጋር ይገናኛል። ዕፅዋት በብርሃን ጊዜ ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ በጨለማ ግን እንደ ዓሣው እነሱም ይወስዳሉ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ሲቆም፣ ዓሣ የበዛበት አኳሪየም ውስጥ ጠዋት ዓሣዎቹ ላይኛው ውኃ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ያገኟቸዋል። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካለችዎት ለዚህ ቀን ናት።

የቫሊስኔሪያው ቢጫነት ሌላ ጉዳይ ነው። ብርሃን ያነሰው ተክል ምልክቱን የሚያሳየው በአዲሱ ቅጠል ነው፤ ቀጭን፣ ገርጣ ያለና ወደ ላይ የሚንጠራራ ይሆናል። የቆየው ቅጠል ቢጫ ሆኖ እየረገፈ አዲሱ ደህና ከሆነ ግን ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ምግብ እያነሳ ለአዲሱ እየሰጠ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ጃቫ ፈርኑን ጠጋ ብለው ይመልከቱት፤ የቆዩ ቅጠሎቹ ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ቀዳዳዎች ካሉ ፖታሲየምም ጎድሎታል። ቫሊስኔሪያ በሥሩ ስለሚመገብ ጠጠሩ ውስጥ የሚቀበር የአኳሪየም ማዳበሪያ እንክብል ከሥሩ አጠገብ ያድርጉለት። አኑቢያስና ፈርን ግን እንጨት ላይ ስለታሰሩ ውኃ ውስጥ የሚፈስሰውን ፈሳሽ ማዳበሪያ ይፈልጋሉ። የእርሻ ዩሪያ ወይም ዳፕ ፈጽሞ እንዳይጨምሩ አደራ። ወደ አሞኒያ ተለውጦ ዓሣዎቹን ይፈጃል፤ በዚህ የባዶ አኳሪየም ባለቤት የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ።

ስለ ሰዓቱ እንነጋገር። አዲሱን መብራት በገጠሙ የመጀመሪያ ሳምንታት በቀን 6 ሰዓት ብቻ ያብሩ፤ ለምሳሌ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት። መስታወቱ ንጹሕ ከሆነና አዲስ ቅጠል ከወጣ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ 8 ሰዓት ያድርጉት። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጠዋት ቤት ስለሌሉ የጠዋቱ ብርሃን ለማንም አይጠቅምም፤ ማታ ልጅዎ ሲመለከተው ደግሞ በርቶ ያገኘዋል። ይህን በእጅ አይሞክሩት፣ ታይመር ይግዙ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ካሉ የሚሽከረከረውን ሜካኒካል ታይመር አይውሰዱ፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል፣ ሰዓቱም በየጊዜው ወደ ኋላ እየቀረ ውሎ አድሮ እኩለ ሌሊት ላይ ማብራት ይጀምራል። በውስጡ ባትሪ ያለውን ዲጂታል ታይመር ይምረጡ። ዲጂታሉ የሚሞላው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ የእኛ 7 ሰዓት በእሱ 13:00፣ የእኛ የምሽት 3 ሰዓት ደግሞ 21:00 ነው። ይህን የሚያምታቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አኳሪየማቸው ቀን ጨልሞ ሌሊት ሲበራ ያድራል።

መብራት ቀን ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ቢመጣ የጎደለውን ለማካካስ እስከ እኩለ ሌሊት አያብሩ። ዕፅዋቱ ጥቂት ቀን ጨለማን በቀላሉ ይችላሉ፤ አልጌ የጠናበትን አኳሪየም ሦስት ቀን ሙሉ ሸፍኖ ማስቀመጥ የታወቀ መፍትሔ እስከ መሆን ደርሷል። የወጪው ነገር ካሳሰበዎት፣ ሁለቱ ቱቦዎች 20 ዋት ሆነው በቀን 8 ሰዓት ሲበሩ በወር 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይወስዳሉ። ኤሌክትሪኩን የሚበላው ማሞቂያው ነው።

ብርሃኑ መጠኑን መጠበቁን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ስልክዎ ላይ ሉክስ የሚለካ መተግበሪያ ይጫኑ። ማታ ክፍሉን አጨልመው፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ መብራቱን ከጠጠሩ በሚርቅበት ልክ፣ 40 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይያዙት። የስልክ መለኪያ ግምት ነው፤ ቢሆንም ከ2,000 እስከ 3,500 ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ5,000 በላይ ካሳየ ለእርስዎ በዝቷል። ከበዛ መብራቱን ከፍ ያድርጉት፤ አሥር ሴንቲሜትር ማንሳት እንኳ ይለውጠዋል። የክዳኑን መስታወት በየሳምንቱ ይጥረጉ፤ ከሚተነው ውኃ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ብርሃኑን ይጋርዳል፣ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ይለቃል።

የቤት ቱቦ 220 ቮልት በቀጥታ የሚወስድ መሆኑን አይዘንጉ። ያለ መያዣ ከውኃ በላይ ማንጠልጠል ሞት መጋበዝ ነው። አይፒ65 (አቧራና የሚረጭ ውኃ አያስገባም ማለት ነው) የሚል ማኅተም ያለው ዝግ መያዣ ይፈልጉ፤ የድሮ የፍሎረሰንት መያዣ ከተጠቀሙ ባላስቱን፣ ማለትም ለፍሎረሰንቱ ኤሌክትሪኩን የሚመጥነውን ክፍል፣ የሚያስወግድልዎት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን። ከመያዣው በታች የመስታወት ክዳን ይኑር። ገመዱ ወደ ሶኬቱ በቀጥታ አይሂድ፤ መጀመሪያ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ከዚያ ይውጣ፣ በገመዱ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ እጥፋቱ ላይ ወደ መሬት እንዲወድቅ። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያውኑ የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር መቁረጫ ቤትዎ ከሌለ ከመብራቱ በፊት እሱን ያስገጥሙ። ልጅ ባለበት ቤት ይህ የሚታለፍ አይደለም። እጅዎን ውኃው ውስጥ ከማስገባትዎ በፊትም ሁሉንም ይንቀሉ።

ለኒዮን ቴትራዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። የመጡት ከአማዞን ጥላማ ጅረቶች ስለሆነ ደማቅ ብርሃን ይሸሻሉ። ሌሊት ቀለማቸው ይደበዝዛል፤ መብራቱ ሲበራ ገርጥተው ቢያዩአቸው አይደንግጡ፣ ጥቂት ቆይቶ ሰማያዊው መስመር ይመለሳል። የዓይን ቆብ ስለሌላቸው ከድቅድቅ ጨለማ በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉ ብርሃን መውጣት ያስበረግጋቸዋል፤ ማታ የአኳሪየሙ መብራት ሲጠፋም የሳሎኑ ትንሽ ቆይቶ ቢጠፋ ይመረጣል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ሰማያዊ የጨረቃ ብርሃን የሚሉትን አይጠቀሙ፤ ዓሣም ጨለማ አግኝቶ ማረፍ አለበት። ልጅዎ ማታ ማየት ከፈለገ እስከ 3 ሰዓት ያለው ይበቃዋል።

ከላይ የሚንሳፈፍ ተክል ቢጨምሩ ለኒዮኖቹ ጥላ ይሆናል፣ አልጌውንም ምግብ ይሻማዋል። ሳልቪኒያ ጥሩ ነው፤ የውኃውን ገጽ አንድ ሦስተኛ ያህል ይሸፍን፣ የተረፈውን በየሳምንቱ ያውጡ። አበባው ያምራል ብለው እምቦጭ እንዳያስገቡ። ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል። ሳልቪኒያም ቢሆን ወደ ወንዝ ከገባ የዚያው ዓይነት ጠባይ ያሳያል። ከአኳሪየሙ የሚወጣ ተክል ወደ መጸዳጃም ወደ ቦይም አይጣል፤ ፀሐይ ላይ ዘርግተው እስኪሰባበር ያድርቁትና የአበባ መደብ አፈር ውስጥ ይቅበሩት።